የአቦ ማግስት በረዶ

የአገሬው ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ያለቀሰበትን ቀን እኔ እስከ ዛሬ በደስታ ነው የማስታውሰው። አፍሬበት አውቃለሁ፤ ልረሳው ሞክሬም አውቃለሁ። ግን ጥቅምት ስድስት ሲባል ቀድሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ነጭ ግቢ ነው፤ በነጩ ግቢ መካከልም ጅራቱን እየቆላ የሚዘል ቀይ ውሻ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚሄደውን አስፋልት ትቶ ወደ ግራ ይታጠፍና አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። በቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ እናቴ በለጠች፣ ውሻችን መከታና ድመታችን ወይዘሮ ነበርን። ድመቷን ወይዘሮ ያላት አባቴ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ እግሯን ላለማሳረፍ እየመረጠች ስለምትራመድ። አባቴ ራሱ ግን አልነበረም። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፏል። “ለመስቀል ይመጣል” ይሉኛል፤ መስቀል ሲያልፍ “ለገና ነው እንጂ” ይሉኛል። እኔም አምን ነበር።

በዚያ ዓመት በርበሬው አምሮ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ተነሥቶ እስከ ቅንጭብ አጥሩ ድረስ ቀልቷል። የጎረቤቱም እንደዚያው ነበር፤ ሰው ሁሉ የዓመቱን ተስፋ በርበሬው ላይ ጥሎ ቀን ይጠብቃል። እናቴ ግን ያን ክረምት ተለውጣብኝ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ሮጬ ሄጄ ወገቧን ሳቅፋት “ተይ እስቲ፣ ተይ” ብላ እጄን ታላቅቃለች። አድገሻል ማለቷ መስሎኝ ኮራሁ።

በእኛ አጥቢያ በጥቅምት አቦ መሬት አይነካም። አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ አረም እንኳ አይነቀልም። የበዓሉ ዋዜማ እናቴን ሆዷን ሲቆርጣት አመሸ። ጎረቤታችን እትየ እታለም መጥታ ከእሷ ጋር አደረች፤ እኔን ከወይዘሮ ጋር ጓዳ አስተኙኝ። ሲነጋ እታለም ፊቴን አጥባ እጄን ያዘችና “እናትሽ ትተኛ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ” አለችኝ። ሄድን። ቅዳሴው ረዘመብኝ፤ ራበኝም። እታለም ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ በእግሮች መካከል ሾልኬ ወጣሁና ወደ ቤት ሮጥሁ።

እናቴ አልተኛችም። ከበርበሬው ማዶ፣ ከቅንጭቡ ሥር፣ ዶማ ይዛ ትቆፍር ነበር። ሁለት ጊዜ ትመታና በዶማው እጀታ ተደግፋ ትቆማለች። አጠገቧ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አስቀምጣለች፤ የሽንኩርት ዘር መሰለኝ። መከታ እያነፈነፈ ሲጠጋ ጓል አንሥታ ጎኑን አለችው። እናቴ መከታን መትታ አታውቅም ነበር። እኔን ሳታየኝ በመጣሁበት ተመለስሁ፤ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጠፍቼ መምጣቴ ታውቆ እንዳልገረፍ ነው የፈራሁት። ከቅዳሴ መልስ ስንመጣ መከታ ከጎተራው እግር ጋር በገመድ ታስሯል፤ እናቴም ተኝታለች።

ያ ቋጠሮ ምን እንደነበር የነገረችኝ እታለም ናት፤ ባሕር ዳር ተማሪ ሆኜ ለእረፍት በመጣሁበት ዓመት። በሆዷ አምስት ወር የሞላው ልጅ ነበር፤ ሞቶ ነው የወጣው። ክርስትና ያልተነሣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም፤ እናት ቤቷ አጠገብ ታሳርፈዋለች። ይህን ማንም አይነቅፍባትም ነበር። አባቴ ግን ሁለት ዓመት አገር ውስጥ የለም። የማን እንደሆነ እታለም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የአባቴ ወንድሞች ቢሰሙ ግን ከዚያ ቤትና ከዚያ መሬት በማግስቱ እንደሚያባርሯት ሳይነገረኝም አውቃለሁ።

በረዶው የመጣው በአቦ ማግስት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

መጀመሪያ ሰማዩ በደምበጫ በኩል እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ነፋሱ ቆመ፤ ዶሮዎቹ ሳይመሽ ወደ ቆጣቸው ገቡ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠጠር የተወረወረ መሰለኝ። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ ጮኼ የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም። ባቄላ ያክል የነበረው የዋንዛ ፍሬ አከለ፤ ከዚያም ተለቀ። ከመሬት እየነጠረ በሩን አልፎ እግሬ ሥር እየተንከባለለ ይገባል። ሲያቆም ግቢው ነጭ ነበር። ነጭ ብቻ። የጎተራው ክዳን፣ የእንጨት ክምሩ፣ ገንዳው፣ ሁሉም እንደ ጥምቀት ልብስ ነጥቷል። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠምሁ።

መከታን ፈታሁት። ያበደ መሰለ። አንዱን በጥርሱ ይቀረጥፍና ብርዱ ሲነዝረው ጭንቅላቱን ያርገፈግፋል፤ ያስነጥሳል፤ ተናድዶ ሌላውን ይነክሳል። እኔም ቀመስሁት። የቆርቆሮና የጭስ ጣዕም አለው። ወይዘሮ ከመድረኩ ላይ ቆማ አንድ እግሯን ዘርግታ ነካችው፤ እግሯን አራገፈችና ያመጣሁት እኔ ይመስል ገላመጠችኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ከመሃሉ ላይ ባስቀምጣት ጮኻ መከታ ጀርባ ላይ ወጣች፤ እሱም ደንግጦ ተሸክሟት ግቢውን ዞረ። ሆዴን ይዤ ሣቅሁ። እንደዚያ ሥቄ አላውቅም።

ደስታዬን ለብቻዬ ልይዘው አልቻልሁም። በቅል ሞልቼ ለእናቴ ወሰድሁላት። ወደ ግድግዳው ዞራ መደቡ ላይ ተኝታለች። ግንባሯን ስነካው ያቃጥላል። አንድ እፍኝ በረዶ በጨርቅ አድርጌ አስቀመጥሁላት። ዓይኗን ሳትገልጥ “እሰይ” አለች። “ጨምሪልኝ ውዳሴ።”

ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። እናቴም እንደኔ በረዶ ወደደች አልሁ። ያ ትኩሳት ሊገድላት ይችል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ ያልሄደችው ነርሶቹ የአገር ልጆች ስለነበሩ ነው፤ ምስጢሯ ይወጣል።

ውጭ ድምፅ ተሰማ። ከየቤቱ፣ ከየማሳው፣ “እግዚኦ! እግዚኦ!” ይላሉ። ታቦት ሲወጣ እንደሚሆነው መሰለኝና እኔም ከመከታ ጋር እየዘለልሁ “እግዚኦ! እግዚኦ!” ማለት ጀመርሁ። እታለም እናቴን ልታይ በአጥሩ ቀዳዳ ስትገባ በዚህ ሁኔታ አገኘችኝ። እጇን ለጥፊ አነሣች። ከዚያ አወረደችው።

“ሣቂ” አለችኝ። “ሣቂ የኔ ልጅ። አንድ እንኳ የሚሥቅ ይኑር።”

ከቤቱ ጀርባ ያለውን በርበሬ ያን ጊዜ አላየሁትም። ባየውም ኖሮ ቀይና ነጭ ተደባልቆ ያምር ነበር።

ትንሽ ቆይቶ አያ ቢሆነኝና ክንዱ የሚባል ጎልማሳ ማሳቸውን አይተው ሲመለሱ በአጥራችን ሥር አለፉ። አያ ቢሆነኝ የአጥቢያው ሽማግሌ ነው፤ ለጥር ሴት ልጁን ሊድር በርበሬውን ይጠብቅ ነበር።

“አንድ ዛላ አልቀረልኝም፣ አያ ቢሆነኝ። አገዳው ብቻ ቆሟል።”

“የእኔማ አገዳውም የለ።”

“ይኸ ዝም ብሎ አልመጣም።”

“ያመጣውማ አለ” አለ አያ ቢሆነኝ። “በአቦ መሬት የነካ እጅ አለ። ነገ ይወጣል።”

አሁን ፍኖተ ሰላም የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ በረዶ በጣለ ማግስት ጉዳት ልመዘግብ የምሄደው እኔ ነኝ። ያ በረዶ የእኛን አጥቢያ ብቻ አልመታም፤ በሦስት ቀበሌ ነው የወረደው። አሁንም ገበሬዎቹ ዓመታዊ በዓል የሻረ ሰው እንዳለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሩኛል። አልሟገታቸውም፤ ስም እንዳይጠሩ ብቻ ወሬውን አስቀይራለሁ።

ያን ቀን ግን የሰማሁት ቃል ሌላ ነገር ነው የነገረኝ። እኛ ቤት “ይኸን ማን አመጣው?” የሚባለው ስጦታ ሲመጣ ነበር። አጎቴ ጋሹ ከቡሬ ሸንኮራ ይዞልኝ ሲመጣ ከበሩ ኋላ ይደበቃል፤ እናቴ “ይኸን ማን አመጣው?” ትላለች፤ እኔ ፈልጌ አገኘዋለሁ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ነጭ ነገር ያመጣ ሰው አለ ማለት ነው። በአቦ ቆፍሮ ነው ያመጣው። በአቦ የቆፈረ ሰው ደግሞ እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

በማግስቱ አጥቢያው ሁሉ ለምህላ ተጠራ። የታመመም ይምጣ ተባለ። እታለም እናቴን ደግፋ አመጣቻት፤ እኔም መከታን አስከትዬ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሜዳ ላይ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው ተቀመጠ። በዛፎቹ ጥላ ሥር ገና ያልሟሟ በረዶ በክምር በክምር ነበር፤ እኔ እሱን እያየሁ መቼ እንደሚለቁን እቁነጠነጣለሁ።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ምህላውን አሳረጉ። ከዚያ አያ ቢሆነኝ ተነሣ።

“አውጫጭኝ ነው” አለ። “ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። በአቦ ዕለት መሬት የነካ ሰው አለ። የነካ ራሱ ይናገር። ያየም ይናገር፤ አይቶ ዝም ያለ እንደሠራው ይቆጠር።”

አንድ ሕፃን አለቀሰና ጡት ተሰጠው። እናቴን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ በጣቷ ሣር ትነካለች። እንደ አጎቴ መደበቋ መሰለኝ። ፈልጎ ማግኘት የእኔ ፋንታ ነበር።

ዘልዬ ተነሣሁ። “እማ ናት!” አልሁ። “በረዶውን ያመጣችው እማ ናት!”

“ምን አለች ይቺ?” አለ አንዱ ከወንዶቹ።

“ውዳሴ፣ ነይ እስቲ ወደዚህ” አለ አያ ቢሆነኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። “ምን አልሽ የኔ ልጅ? አትፍሪ።”

“አልፈራሁም። በአቦ ቆፍራ ነው ያመጣችው። አይቻታለሁ።”

“የት ቆፈረች?”

“ከቅንጭቡ ሥር። በጨርቅ የቋጠረችውን ዘር ተከለች።”

እልልታ ጠበቅሁ። እታለም ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ አያ ቢሆነኝ! የሰባት ዓመት ልጅ ምስክር አድርገው ሊፈርዱ ነው?”

“ልጅ ምን ይጠቀማል ብሎ ይዋሻል፣ እታለም? ደግሞ በቃሏ ብቻ አልፈርድም። ክንዱ፣ ሁለት ሰው ጨምረህ ሂድና የተባለውን ቦታ ክፈትና እይ። የተቆፈረ አፈር አይዋሽም።”

ክንዱ ዱላውን አንሥቶ ሁለት ሰው ጠራ። መንገድ ጀመሩ። መከታ ወደ ቤት የሚሄዱ መስሎት ቀድሟቸው ሮጠ።

“ክንዱ፣ ተመለስ!”

እናቴ ቆማለች። እንዴት እንደቆመች አላየሁም፤ እታለም እንኳ አልደገፈቻትም።

“አያ ቢሆነኝ፣ ሰው አያድክሙ። ልጄ እውነቷን ነው። ነጭ ሽንኩርት ተክያለሁ። አቦ መሆኑን እያወቅሁ።”

ሴቶቹ በአንድነት ተነፈሱ። አያ ቢሆነኝ ወደ እሷ ዞረ።

“ምነው በለጠች? አንድ ቀን መታገሥ እንዴት አቃተሽ?”

“ሰይጣን አሳሳተኝ።”

ቀብር በዓል አይሽርም። በአቦም፣ በሚካኤልም፣ በፋሲካም ሰው ሲሞት ይቀበራል፤ ለመቃብር የተቆፈረ መሬት ማንንም አያስወቅስም። እናቴ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። አንድ ቃል ከኃጢአቱ ነጻ ያወጣት ነበር። ያው አንድ ቃል ደግሞ ቤት አልባ ያደርጋት ነበር። ስለዚህ ያልሠራችውን ተቀበለች።

ክንዱ መካከል ላይ ቆሞ ነበር። “ሄጄ ልየው ወይስ ልተወው?” አለ።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል እናቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የንስሐ አባቷ ነበሩ። “ሌላ የምትነግሪን የለም?” አሏት።

“የለም አባቴ።”

“እንግዲያው አምናለች። ያመነ አይመረመርም። ክንዱ፣ ተቀመጥ።”

የሚያውቁት ነገር ይኑር አይኑር ማንም አልነገረኝም፤ እሳቸውም ይዘውት ሞተዋል።

አያ ቢሆነኝ ፍርዱን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። “እስከሚመጣው የጥቅምት አቦ ድረስ እሳት አይጫርላት። ከሰው ጋር ውሃ አትቅዳ። ደቦ አይውጣላት። ደጇ አይረገጥ።”

እናቴ ጎንበስ ብላ መሬት ሳመች። ስጦታ ስትቀበልም እንደዚያ ታደርግ ነበር። ስንወጣ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልን። እንደ ሙሽራ ነው የሸኙን አልሁ። እጇን እያወዛወዝሁ ቤት እስክንደርስ ዘመርሁ፤ እሷም ዝም በይ አላለችኝም።

የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። እሳታችን ጠፍቶ ስለነበር ገል ይዤ እታለም ቤት ፍም ልጠይቅ ሄድሁ። ስታየኝ በሩን ገፋችው። በቀዳዳው “ሂጂ የኔ ልጅ” አለችኝ። “ሰው ያየኛል።” ወደ ሌላ ቤት ሄድሁ፤ እዚያም በሩ ተዘጋ። ባዶውን ገል ይዤ ስመለስ እናቴ ከበርበሬው ማዶ ነበረች። መከታ ገመዱን በጥሶ ኖሯል። አፍንጫው በአፈር ተለውሷል። እናቴ ተንበርክካ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ እየነቀለች ትከምራለች፤ ጣቶቿ ይደማሉ።

“እማ፣ ሽንኩርቱን እኮ እንዳይበቅል አደረግሽው” አልኋት።

ሌላ ድንጋይ ነቀለች።

በአራተኛው ቀን አጎቴ ጋሹ ከቡሬ ደረሰ፤ ወሬው በገበያተኛ ደርሶት ነው። ደጃችን አይረገጥም መባሉን ሰምቷል፤ ሆን ብሎ እየጮኸ ገባ።

“ተነሽ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። ቡሬ በዓል ሻረች ብሎ የሚጠቁምሽ የለም። ቤት ልከራይልሽ።”

“አልሄድም።”

“ለምን? ለዚች አገዳዋ ብቻ ለቀረች በርበሬ?”

“አልሄድም አልሁህ ጋሹ።”

“እሳት በነፈገሽ ሰው መሃል ምን ትጠብቂያለሽ፣ በለጡ? ያ ሰውየ እንደሆነ አይመጣም። ዕወቂው!”

“አውቀዋለሁ” አለች እናቴ። ከዚያም እኔን ሳታይ “ውዳሴን ውሰዳት። ታስተምርልኛለህ። ውሻውንም ውሰደው” አለችው።

“ውሻ ምን ሊያደርግልኝ?”

“ውሰደው!”

ጋሹ እህቱ ስትጮኽ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ወሰደው።

እኔ እያለቀስሁ፣ መከታ ገመዱን እየጎተተ፣ በዚያው ቀን ከቤት ወጣን። ወይዘሮ ቀረች። እናቴ የሸኘችን እስከ አጥሩ ብቻ ነው፤ አንድ እርምጃ አልጨመረችም። መከታ ቡሬ ላይ ሦስት ወር አልቆየም፤ መኪና የማያውቅ ውሻ ነበር።

አፌ ስላጠፋ ተሰደድሁ ብዬ አመንሁ። ለአሥራ አራት ዓመት ይህን አምኜ ኖርሁ። እናቴ በገበያ ቀን ትመጣለች፤ ፀጉሬን ታበጥርልኛለች፤ ምሳ ሳትበላ ትመለሳለች። “ዛሬ እንኳ እደሪ እማ” ስላት “ቤት ሰው የለም” ትላለች። ቤት ሰው ከሌለ ለምን ትቸኩላለች ብዬ እናደድ ነበር። በዓመቱ አቦ ሲደርስ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ፍርዱን አነሡላት። እሳት ሰጧት፤ ደቦ ወጡላት። ከዚያም በኋላ ቡሬ አላደረችም። እስክትሞት ድረስ አንድ ሌሊት ከቤቷ ውጭ አላደረችም።

እታለም ከነገረችኝ በኋላ ብዙ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ “እማ፣ አውቃለሁ” ልላት አፌን ከፍቻለሁ። በየጊዜው ሌላ ነገር አወራሁ። ሁለት ልጅ ነበራት፤ አንደኛዋን አጎት ይጠብቃታል፣ ትምህርት ቤት ይጠብቃታል። ሌላኛውን ከእሷ በቀር የሚጠብቀው አልነበረም። ይህን ለራሴ ማስረዳት ከቻልሁ ወዲህ ተናድጄባት አላውቅም። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ምስጢሯ ወጥቷል ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። ዕድሩ በሙሉ ወጣ፤ አያ ቢሆነኝ በምርኩዙ እየተደገፈ መጥቶ አለቀሰላት። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀበረች።

መሬቱን አሁን ባምላኩ የሚባል ጎረምሳ በእኩል ያርስልኛል። ባለፈው ሰኔ ልጠይቀው ሄጄ ሳለ በሬዎቹን አቁሞ ከቅንጭቡ ሥር ጠራኝ።

“እትየ ውዳሴ! ይችን ጥግ እማማ በለጠች ምነው ሳያሳርሷት ኖሩ? ለሰው ሁሉ እምቢ ይሉ ነበር አሉ። ድንጋዩን ለቅሜ ላውጣውና ልክፈታት፤ በርበሬ ይሆንባታል።”

የሰባት ዓመቷ ልጅ ብትሆን ያየችውን ትነግረው ነበር።

“ተዋት” አልሁት።

“ለምን?”

“እንዲሁ። ተዋት።”

ትከሻውን ሰበቀና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ትልሙን ጨርሶ፣ ሞፈሩን አንሥቶ፣ በሬዎቹን ነድቶ ከማሳው እስኪወጣ ድረስ እኔ ከዚያ ጥግ አልተንቀሳቀስሁም።